ሆንግ ኮንግ ከ97 በኋላ፤ የነፃነት ጉዳይ ነበር ወይስ የሊዝ?

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ሐሙስ ማታ ነው። ሥራዬ የአስመጪዎችን ሰነድ ማገላበጥ ስለሆነ አንድ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ዕቃው የሚጫነው ከሼንዘን ወይም ከጓንዡ ነው፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚላከው ሆንግ ኮንግ ወዳለ ሂሳብ። ሼንዘንና ሆንግ ኮንግ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚውለበለብባቸው ባንዲራ አንድ ነው። በመካከላቸው ግን ኬላ አለ። ገንዘቡ ሌላ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ፣ መኪናው ሳይቀር ሆንግ ኮንግ በግራ፣ ሼንዘን በቀኝ ነው የሚነዳው።

መክፈቻዬ ላይ ያልኩት በአጭሩ ይህን ነው። ብሪታንያ ደሴቲቱን በ1842 ከቻይና ወሰደች፣ በ1860 ካውሉንን ጨመረች፣ በ1898 ደግሞ ኒው ቴሪቶሪስ የሚባለውን ሰፊ መሬት ያዘች። ጁላይ 1 ቀን 1997 ሁሉንም መለሰች። ቻይናም በበኩሏ ለ50 ዓመት የካፒታሊስቱን ሥርዓት እንደማትነካ፣ ገንዘቡም ጉምሩኩም ፍርድ ቤቱም እንዳለ እንደሚቀጥል ቃል ገባች፤ አንድ አገር ሁለት ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፣ ባንክም አልተዘጋም። እንግዲህ ቃሉ በወረቀት ላይ በደንብ ከሰፈረ ሉዓላዊነት ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም ገበያው ምንም አይሆንም አልኩና፣ ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ዘጋሁት። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ምላሾቹን እንዳሉ ከመገልበጥ በራሴ አፍ ላውጋችሁ። አንዳንዶቹ ረጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቤተሰብ ፊት የሚነበቡ አይደሉም።

1ኛው ምላሽ ርዕሱን ብቻ አይቶ ከመጣ ሰው ነው። ከ97 በኋላ የሚለውን ሲያይ ምርጫ 97 መስሎት ስለ ኮሮጆና ስለ ታዛቢ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ከጻፈ በኋላ ነው ሆንግ ኮንግ የሚለው ቃል ዓይኑ የገባው። ይቅርታ ጠይቆ የዘመን አቆጣጠሩን እንድገልጽ አሳሰበኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ክር ውስጥ ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ ርክክቡ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1989 መሆኑ ነው። ይህን ሰው አትርሱት፣ ይመለሳል።

2ኛው ጨዋ ነው። አመስግኖ፣ በሐሳቤም ተስማምቶ ስለ ገንዘቡ ጨመረልኝ። የሆንግ ኮንግ ዶላር ከኦክቶበር 1983 ጀምሮ 7.80 ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ታስሯል። ያሳሰረውም ራሱ የሉዓላዊነቱ ወሬ ነበር፤ ለንደንና ቤጂንግ ሲደራደሩ ሰው ደንግጦ ገንዘቡን ሲሸሽ ምንዛሪው በሴፕቴምበር 9.60 ደርሶ ነበርና። የብር ኖቱን የሚያወጡት ሦስት የንግድ ባንኮች ናቸው፤ ለሚያወጡት ለያንዳንዱ 7.80 አንድ የአሜሪካ ዶላር አስቀድመው ለመንግሥቱ ፈንድ ያስረክባሉ። ባንዲራው ወረደ እንጂ ችንካሩ አልተነቀለም አለ፤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። 3ኛዋ ችንካር ሲባል ትዝ ያላት የእኛ 2.07 ነው፤ ያኔ ደመወዝ ደመወዝ እንደነበረ አስታውሳ ስታበቃ እኛስ ለምን አላቆየነውም ብላ ጠየቀች። 4ኛው ብር በ2.07 የቆየው እስከ 1992 ድረስ መሆኑን አርሞ ልዩነቱን አስረዳት። ሆንግ ኮንግ ላይ ዋጋውን ያቆመው አዋጅ ሳይሆን ካዝና ውስጥ ያለው ዶላር ነው፤ ወረፋ የለም፣ ፈቃድ የለም፣ ስለዚህ ጥቁር ገበያም የለም። 5ኛው ስለ ጁላይ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥና ስለ ስልክ ዋጋ ረዥም ምሬት ለጠፈ። አልፈርድበትም፣ ግን ክሩ ከእጄ ሊወጣ ሲል ወደ ሆንግ ኮንግ እንድንመለስ ለመንኩ።

የመለሱን 6ኛው ናቸው። አነጋገራቸው የታሪክ መምህር ይመስላል፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ቀስ ብለው አረሙኝ። ሦስቱን መሬት በአንድ ላይ መዝግቤ ማለፌ ስህተት ነበር። ደሴቲቱና ካውሉን ለዘለዓለም ተብለው የተሰጡ ናቸው፤ ኒው ቴሪቶሪስ ግን በሊዝ ነው፣ ለ99 ዓመት። እንግሊዞቹ በወረቀት ደረጃ መመለስ የነበረባቸው ይህን ብቻ ነበር። ግን ከጠቅላላው መሬት ከመቶ ከ85 እጅ በላይ የሚሆነው እሱ ነው፤ ውሃውም በአብዛኛው ከቻይናው ከዶንግጂያንግ ወንዝ ነው የሚመጣው። ቀሪውን ቆርጦ መያዝ ጭንቅላትን ያለ አንገት መያዝ ነው።

ከዚያ ክሩን ሁሉ የቀየረውን ነገር አነሱ። የሆንግ ኮንግን የወደፊት ዕጣ ማን ቀሰቀሰው? ሰልፍ አይደለም፣ የነፃነት ግንባርም አይደለም። በ1979 የሆንግ ኮንግ የብሪታንያ ገዥ ሙሬይ ማክለሆዝ ቤጂንግ ሄዶ በቻይናው መሪ በዴንግ ሲያዎፒንግ ፊት ያቀረበው ጥያቄ ስለ መሬት ወረቀት ነበር። በኒው ቴሪቶሪስ የሚሰጠው የይዞታ ውል ሁሉ 1997 ላይ ያበቃል፤ ቀኑ እየቀረበ በሄደ ቁጥር ባንክ በእንደዚያ ያለ መሬት ላይ የ15 ዓመት ብድር መስጠት ይፈራል። ገዥው ውሉን ከ1997 እንዲያልፍ ማድረግ ይቻል እንደሆን ጠየቀ። ዴንግ እሱን አልፈቀደም፤ ባለሀብቶቹ ልባቸው ይረፍ የሚል መልእክት ብቻ ሰጥቶ ሸኘው። በ1982 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ቤጂንግ ገባች፤ በዲሴምበር 1984 ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዣዎ ዚያንግ ጋር ርክክቡን የወሰነው ስምምነት፣ የጋራ መግለጫው፣ ተፈረመ። ይህን ሳነብ የራሴ ጥያቄ አሳፈረኝ። እኔ ስለ ነፃነት የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ የጀመረው ግን ክፍለ ከተማ ወረፋ ላይ በየቀኑ በምንሰማው ቋንቋ ነው።

7ኛው ነጋዴ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ስልክ ለማምጣት ይመላለስ እንደነበረና ቺም ሻ ቹይ ባለው ቹንግኪንግ ማንሽን በሚባል ሕንፃ ውስጥ ያርፍ እንደነበረ ነገረን። አሥራ ሰባት ፎቅ፣ አምስት ብሎክ፣ ለሊፍቱ የግማሽ ሰዓት ሰልፍ፤ ታች ናይጄሪያዊውም ፓኪስታናዊውም ስልክ በጅምላ ይዋዋላል። በኋላ ጓንዡን ሲለምድ ሆንግ ኮንግ መተላለፊያ ብቻ ሆነችበት። አንድ ጊዜ በደላላ የተዋወቀው አቅራቢ ቅድመ ክፍያውን በልቶ ተሰወረ። ድርጅቱ ሆንግ ኮንግ የተመዘገበ ነበር፤ አድራሻው ሲፈለግ የፖስታ ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ጥሩ እንደሆነ ሁሉም ነገረው፤ የጠበቃው ክፍያ ግን ከጠፋው ገንዘብ በለጠ። የሕግ የበላይነት ለእሱ የታየው በመስኮት በኩል እንደሆነ ጽፎ በሳቅ ምልክት ዘጋው።

8ኛው ሳቅ የለውም። በቀጥታ እኔን ነው የመጣብኝ፤ ገበያው ምንም አልሆነም ያልኩት ባዶ ወሬ እንደሆነ ገለጸ። ርክክቡ በተፈጸመ በማግሥቱ ጁላይ 2 ታይላንድ የገንዘቧን የባሕትን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀች፣ የእስያ ቀውስ ጀመረ። በኦክቶበር የሆንግ ኮንግ አክሲዮን ተንኮታኮተ። በኦገስት 1998 ነፃ ገበያ በመሆን ዓለም የሚያደንቀው መንግሥት ራሱ ገበያ ገብቶ 118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አክሲዮን ገዛ፣ ዋጋው እንዲወድቅ የሚቆምሩትን ነጋዴዎች ለማባረር። ተሳካለትም። የቤት ዋጋ ግን እስከ 2003 ድረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ወረደ፤ በብድር የገዛ ሰው ቤቱ ከዕዳው በታች ሆነበት። የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ የመርከብ ባለሀብቱ ተንግ ቺ ሁዋ በዓመት 85 ሺህ ቤት እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ ዋጋው ሲወድቅ ባለቤቶቹ ጮሁበትና ዕቅዱ ቀረ። በ2003 ሳርስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ 299 ሰው ገደለ። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ፤ ያወጣው የሆንግ ኮንግ ሕገ መንግሥት ያህል የሆነው የመሠረታዊ ሕጉ አንቀጽ 23 የሚጠይቀው የደኅንነት ሕግ ረቂቅ ነበር፤ በሥራ አጥነቱና በሳርሱም ሆዱ ብሶ ነበር። ረቂቁ ተሰረዘ። 8ኛው ቀውሱ የቤጂንግ ሥራ እንዳልሆነ አልደበቀም። ግን የሉዓላዊነትን ዋጋ በባንኮች በር ክፍት መሆን የሚለካ ሰው ሂሳብ ሠራተኛ ነው እንጂ ሌላ አይደለም አለኝ። ልክ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ።

9ኛዋ ሕግ ያጠናች ትመስላለች። ወረቀት ወረቀት ስትል የነበረውን ወረቀቱን አንብበኸዋል ወይ ከሚል ጥያቄ ነው የተነሳችው። የ1990ው መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 45 ዋና አስተዳዳሪው በመጨረሻ በሁሉም ዜጋ ድምፅ እንዲመረጥ ግብ አስቀምጧል። በመጨረሻ የሚለው ቃል ግን ቀን የለውም። በኦገስት 31 ቀን 2014 ቤጂንግ ሕዝቡ ይመርጣል፣ ዕጩዎቹን ግን አስቀድሞ የሚያጣራ ኮሚቴ አለ የሚል ውሳኔ አወጣች፤ ወጣቶች ለ79 ቀን ጎዳና ላይ ዣንጥላ ይዘው ተቀመጡ፤ ምንም ሳያገኙ ተነሱ። ከዚያ ሌላም ነገር አለች፦ በ1984ቱ ድርድር ለሆንግ ኮንግ ሰዎች ወንበር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሳሎን፣ ሙሽሪት ጓዳ።

10ኛው ምላሽ አንድ መስመር ናት፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ብሪታንያን ማለቱ ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘችው እሷ ናት፣ እኔ ሁለት ሰዓት የደከምኩበት ግን አራት።

11ኛው ጓንዡ በነፃ ትምህርት ዕድል የተማረ ልጅ ነው፤ ተረቱ አልጣመውም። አህያዋ ባል ነበራት ወይ ነው ጥያቄው። ብሪታንያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስትገዛ 28 ገዥዎች ላከች፤ አንዱም አልተመረጠም። ሕዝቡ በቀጥታ የምክር ቤት አባል የመረጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1991 ነው፤ ያውም ከ60 ወንበር 18ቱን። ባንኩም የመሬት አልሚውም ማኅበሩም በሙያ ስም ወንበር የሚይዝበት አሠራር የተፈጠረው በ1985 በእንግሊዞቹ ነው። የመጨረሻው ገዥ ክሪስ ፓተን ምርጫውን ያሰፋው ሻንጣውን ሊሸክፍ ሲል ነው። በ2019 ጭምብል ለመከልከል የተመዘዘው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ መርከበኞች ሥራ ባቆሙበት በ1922 የወጣ የቅኝ ግዛት ሕግ ነው። ሰዎች የተከሰሱበት የአመፅ ቅስቀሳ ድንጋጌም የእንግሊዝ ውርስ ነው። አዲሱ ባለቤት በር አልሰበረም፤ ቁልፉን በሩ ላይ ነው ያገኘው።

ይህ ምላሽ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ነው፤ እንግዲህ ጠቡ የተጀመረውም በእሱ ነው። 12ኛዋ ቁልፉን ማን ሠራው ሳይሆን በማን ላይ ተቆለፈበት ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ነገረችው። በ2019 ተጠርጣሪዎችን ለዋናዋ ቻይና አሳልፎ የሚሰጥ ረቂቅ ሲመጣ አዘጋጆቹ መጀመሪያ አንድ ሚሊዮን፣ በሳምንቱ ሁለት ሚሊዮን ሰው ወጣ ብለው ቆጠሩ። በኖቬምበር የወረዳ ምርጫ ከመራጩ 71 በመቶ ወጥቶ ተቃዋሚዎቹ ከ18ቱ ወረዳዎች 17ቱን ያዙ። ምላሹ በሰኔ 30 ቀን 2020 የመጣው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ነው፤ የጻፉትም ያወጁትም ቤጂንግ ናቸው። በዓመቱ አፕል ዴይሊ የተባለው ጋዜጣ ተዘጋ። ምክር ቤቱ 90 ወንበር ሲደረግ ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው 20 ብቻ ሆነ፤ በዲሴምበር 2021 የመጣው መራጭ 30 በመቶ ነበር። የነፃ ትምህርት የከፈለለትን አገር ማመስገን መብቱ ነው፣ ግን ሌላውን አያስተምር አለችው። ከዚያ በኋላ 13ኛው ላይ 11ኛው የጻፈውን አላወሳውም። የተቃጠሉ ባቡር ጣቢያዎችንና የተወረወሩ ቤንዚን ጠርሙሶችን አነሳ፤ እሱ እውነት ነው። ስለ እሷ የጻፈው ግን አያስፈልግም ነበር። (ሰኔ ማለቴ ጁን ነው፤ 1ኛው ሰውዬ በውስጥ መልእክት አርሞኛል።)

የሐበሻ ክር ስለሆነ 14ኛው ላይ የማይቀረው መጣ። ጸሐፊው በትሕትና ነው የጀመረው። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ፣ የራሷ የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት፤ ማኅተሙም ከሆንግ ኮንጉ አያንስም። አሥር ዓመት ቆየ። ታዲያ አንድ አገር ሁለት ሥርዓት የሚለው ለእኛ አዲስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 15ኛው ንጽጽሩ ፈጽሞ እንደማይሠራ፣ ቻይና በኃይል የተወሰደባትን የራሷን መሬት እንዳስመለሰች አስረዳ። 16ኛው ያኔ በዘውዱ በኩል ሲባል የነበረውም ይኸው ቃል በቃል እንደሆነ መለሰለት፤ ስድብም አከለ።

17ኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የገባው። አስመራ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አባቱ በፌዴሬሽኑ ዘመን ተራ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። አባቱ ሲያወሩ ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈረሰ አይሉም ነበር። መጀመሪያ በ1958 ባንዲራው ወረደ፤ እሳቸው ቢሮ ገብተው ደብዳቤ ጻፉ። በ1960 መንግሥት የሚለው ቃል ከማኅተሙ ወጥቶ አስተዳደር የሚል ገባ፤ እሳቸው አዲሱን ማኅተም ፈርመው ተረከቡ። የመጨረሻው ቀን ሲመጣ የሚገርም ነገር አልቀረውም ነበር። ስለ ማን ትክክል እንደነበረ አንድ ቃል ሳይጽፍ ወጣ። 18 እና 19ን አወያዩ አጥፍቷቸዋል፤ ቁጥሩ ለዚህ ነው የሚዘለው።

ከዚያ ጸጥታ በኋላ 20ኛዋ መጣች፤ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት የሠራች እህት ናት። ፖለቲካውን ትታ ስለ ሌላ ሆንግ ኮንግ ጻፈች። አብራት የሠራች ፊሊፒናዊት ወደዚያ ሄዳ ፎቶ ትልክላት ነበር፤ እሑድ እሑድ ሴንትራል በሚባለው ሰፈር የትልቁ ባንክ ሕንፃ ሥር በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ሠራተኞች ካርቶን አንጥፈው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ። እዚያ ከ300 ሺህ በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ አለ። መንግሥት ያወጣው አንድ ዓይነት ውል፣ መንግሥት የሚወስነው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አላቸው። እሷ በሰባት ዓመት ውስጥ ብቻዋን ከበር የወጣችበትን ቀን በጣቷ እንደምትቆጥር ጻፈች። ሉዓላዊነቱ የማንም ይሁን፣ እሷ የምትፈልገው እሑድን ነበር። 12ኛዋም 11ኛውም ላይክ አደረጉላት፤ በክሩ ውስጥ አብረው የተስማሙበት ብቸኛ ቦታ ነው።

21ኛዋ (ያችው 9ኛዋ ሕግ አዋቂ ናት) ግን ሥዕሉ ሙሉ እንዲሆን አንድ ነገር ጨመረች። ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገር ለቅቃ መውጣት አለባት። ሌላው የውጭ ሰው ሰባት ዓመት ሲኖር ቋሚ ነዋሪ መሆን ሲችል፣ የቤት ሠራተኛ ሃያ ዓመት ብትኖርም እንደማትሆን የመጨረሻው ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ወስኗል። ያ ሁሉ የሚያመሰግነው ፍርድ ቤት።

22ኛው በግንባታ ሥራ ያለ ሰው ነው፤ ወደ ጋሼ የሊዝ ነገር መለሰን። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከአንድ ካቴድራል በቀር መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ሰው የሚገዛው ዘመን ነው። የኩባንያ ትርፍ ግብር 16.5 በመቶ ብቻ የሆነው ደግነት አይደለም፤ መንግሥት በጨረታ መሬት እያከራየ ስለሚኖር ነው፣ በጥሩ ዓመታት ከገቢው ሩብ ያህሉን ከዚያ ያገኛል። ስለዚህ መሬት ውድ እንዲሆን የሚፈልገው አልሚው ብቻ አይደለም። በ1984ቱ ስምምነት አባሪ ላይ እስከ ርክክቡ ድረስ በዓመት ከ50 ሄክታር በላይ አዲስ መሬት እንዳይሰጥ ተጽፏል፤ እንግሊዞቹ ሁሉን ሸጠው እንዳይሄዱ ነው። ውጤቱ ግን ታወቀ። ከ200 ሺህ በላይ ሰው በተሸነሸነ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ አልጋው፣ ምድጃውና ሽንት ቤቱ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። በሌላ በኩል ከሕዝቡ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መንግሥት በሠራው ወይም በደጎመው ቤት ነው የሚኖረው፤ ይህም የተጀመረው በ1953 የፈረንጅ ገና ዕለት ሼክ ኪፕ ሜይ በሚባል የጎስቋላ ጎጆዎች ሰፈር ቃጠሎ ተነስቶ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ስለቀረ ነው። በዓለም ነፃ የሚባለው ገበያ ትልቁ አከራይ መንግሥት ነው። ይህን ሰው ምሳ ልጋብዘው አስቤያለሁ።

23ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ። በ1997 የሆንግ ኮንግ ኢኮኖሚ ከመላው ቻይና ኢኮኖሚ ጋር ሲነጻጸር 18 በመቶ ያህል ነበር፤ ዛሬ 2 በመቶ ገደማ ነው። ሆንግ ኮንግ አልደኸየችም፣ ቻይና አደገች። ያኔ ቃሉን ማፍረስ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ሲቀንስ ቃሉም ሳሳ። ወረቀቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር።

24ኛው አልተስማማም፤ በዚያውም ሳያስበው የሐሙስ ማታ ጥያቄዬን መለሰልኝ። ቻይና ዩዋን በነፃ እንዲወጣና እንዲገባ እስካሁን አልፈቀደችም። ስለዚህ ዶላር የሚቀበል፣ ዶላር የሚያወጣ፣ ግን የራሷ የሆነ በር ያስፈልጋታል። ወደ ቻይና ከሚገባው የውጭ መዋዕለ ነዋይ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚያልፈው በሆንግ ኮንግ ነው። የእኔ አስመጪዎች ገንዘብም በዚያው በር ነው የሚገባው። ምክር ቤቱን የነካ እጅ 7.80ን ያልነካው ለዚህ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መክፈቻዬን ላርም አሰብኩ፤ ከዚያ ግን ተውኩት፣ ምላሾቹ መነሻ ያጣሉ።

25ኛዋ ማንቸስተር የምትኖር ነርስ ናት። ብሪታንያ ከጃንዋሪ 2021 መጨረሻ ጀምሮ ለሆንግ ኮንግ ሰዎች ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ስለከፈተች ሰፈሯ ተለውጧል፤ ልጇም ካንቶንኛ ስድብ ተምሯል። አብራት የምትሠራ ሆንግ ኮንጋዊት ለዓመታት ያጠራቀመችውን የጡረታ ገንዘብ ማውጣት አልቻለችም። ጠቅልሎ ለሄደ ሰው ገንዘቡ ይለቀቃል፤ ነገር ግን ቻይናና ሆንግ ኮንግ ፈቃዱ የሚሰጣቸው ሰዎች የሚይዙትን ልዩ የብሪታንያ ፓስፖርት አንቀበልም ስላሉ በእሱ መሄዷን ማስረዳት አይቻልም። ሰውዬዋ ሄዳለች፣ በወረቀት ግን አልሄደችም። 10ኛው መጥቶ ተረቱን ደገመው፤ አሁን ማንም አልሳቀም።

26ኛው ምላሽ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተጻፈው፤ 22ኛው ሰውዬ ነው። ሁላችንም 2047ን፣ የ50 ዓመቱን ቃል ማብቂያ እየጠበቅን እንደምንከራከር ታዝቦ አንድ ነገር አሳወቀን። በ1984ቱ ስምምነት የተራዘሙት የይዞታ ውሎች የሚያበቁት ጁን 30 ቀን 2047 ነበር። እንደገና ያው ፍርሃት መጣ፤ ባንኩ የ30 ዓመት ብድር ሲሰጥ ቀኑን ማየት ጀመረ። በ2024 ሆንግ ኮንግ የመሬት ውሎችን የማራዘሚያ ሕግ አወጣች። በልዩ ማስታወቂያ ካልተገለለ በቀር የሚያበቃው ውል ሁሉ ያለ አዲስ ክፍያ ለ50 ዓመት ይቀጥላል፤ በየዓመቱ የሚከፈለው ኪራይ ብቻ ይኖራል። ለፍርድ ቤቱ፣ ለጋዜጣው፣ ለምርጫው ከ2047 በኋላ ምን እንደሚሆን የጻፈ የለም። ማክለሆዝ በ1979 ለምኖ ያላገኘውን ግን መሬቱ አግኝቷል።

ቀኑን ሙሉ ክሩ ዝም አለ። ማታ 27ኛው መጣ፣ 1ኛው ሰውዬ ነው፣ የምርጫ 97ቱ። ሁሉንም ሲያነብ እንደሰነበተ ገልጾ የእናቱን የሊዝ ውል ከመሳቢያ አውጥቶ እንዳየው ጻፈ። በእኛው አቆጣጠር በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የተሰጠ ነው፤ ዘመኑም ልክ እንደ ኒው ቴሪቶሪሱ 99 ዓመት ነው። ሕግ አዋቂዋንና የግንባታውን ሰው በስም ጠርቶ ጠየቀ፦ የሚቆጠረው በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? እስካሁን የመለሰለት የለም።